የወባ፣ የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት አወሳሰድ፦ ከምርመራው እስከ መጨረሻዋ ኪኒን

ወባ ታክሜ ድኜ ነበር በሁለት ወሩ ተመልሶ ጣለኝ፣ አሜባዬ አልጠፋ ብሎኝ በየጊዜው ፍላጅል (ሜትሮኒዳዞል) እውጣለሁ፣ የልጄ ጃርዲያ እየሄደ ይመለሳል... ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው ሲሰማው የሚውለው ይሄንን ነው። ከዛ ሰው ወይ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ይላል ወይ በሽታው ተላምዶታል ይላል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ በሽታዎች የሚመጡት ባለ አንድ ሴል ከሆኑ ፓራሳይቶች ነው፣ ባክቴሪያም አይደሉም ቫይረስም አይደሉም ትልም አይደሉም፣ ስለዚህ አሞክሳሲሊን አይነካቸውም፣ ለትል የሚሰጠው ነገርም ወባን አይነካም። እና ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ብዙዎቹ ሰውነት ውስጥ ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጡት፣ አንዱ ቦታ እያሳመማችሁ፣ ሌላው ቦታ ደግሞ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ተደብቆ። የሚያሳምመውን የሚገድለው መድኃኒትና የተደበቀውን የሚገድለው መድኃኒት ደግሞ አንድ አይደሉም። ሰው የመጀመሪያውን ወስዶ ሲሻለው ሁለተኛውን ይተወዋል፣ ወይ ጭራሽ ሁለተኛ እንዳለ የሚነግረው አያገኝም።

ይሄንን መመሪያ የጻፍኩት በየደረጃው ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው። መጠኖቹን የጻፍኳቸው የተሰጣችሁን ወረቀት እንድታመሳክሩባቸው፣ ያልገባችሁን እንድትጠይቁባቸው ነው፤ ይሄን አንብቦ ብቻ ሄዶ ገዝቶ ለመዋጥ አይደለም፣ አደራ።

መጀመሪያ፦ ሳትመረመሩ አትጀምሩ

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት ሁሉ ወባ አይደለም። ታይፈስም፣ ግርሻም፣ ታይፎይድም፣ ጉንፋንም እንደዚሁ ነው የሚጀምረው። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከዛ ደግሞ በሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ያው ወባ ነው ብሎ ጎረቤት ቤት የተረፈች ኪኒን ይጀምራል። ይሄ ሁለት ጉዳት አለው። ወባ ካልሆነ እውነተኛው በሽታ ጊዜ ያገኛል፣ ወባ ከሆነ ደግሞ ግማሽ መጠን ወስዳችሁ ስትመረመሩ ፓራሳይቱ ደም ውስጥ አንሶ ላይታይ ይችላል፣ ኔጋቲቭ ተብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ በሽታው ግን ውስጣችሁ ነው።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። ጤና ኬላ ላይ ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም በኪት ይሠራል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ላይ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በመንግሥት ተቋም የወባ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው፣ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ቤት አትቀመጡ።

ስለ ኪቱ አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ብዙዎቹ ኪቶች የሚለዩት ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የሚያወጣውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥና ኤርትራ ውስጥ ግን ይሄን ፕሮቲን ማምረት ያቆሙ፣ ጂኑ የጠፋባቸው ፓራሳይቶች ተገኝተዋል። እነሱ ደም ውስጥ ሞልተውም ኪቱ ላይ መስመር ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ኪቱ ኔጋቲቭ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ በማግስቱ ተመልሳችሁ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለውም፣ ባለሙያውም ይረዳችኋል።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው ተብላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ፦ ፋልሲፓረም ነው፣ ቫይቫክስ ነው ወይስ ሁለቱም ሚክስድ? ከዚህ በኋላ ያለው ሕክምና በሙሉ በዚህ መልስ ላይ ነው የሚቆመው። ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ በወሩ ወይ በሁለት ወሩ ከተመለሰባችሁ ለሚያያችሁ ሐኪም ከምንም በላይ ይጠቅመዋል።

የሰገራ ምርመራ ላይ ደግሞ ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት። የሚንቀሳቀሰው አሜባ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ በተለይ ተቅማጥ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢታይ ነው ጥሩ፣ ጠዋት ቤት ተቀምጦ ከሰዓት የሚደርስ ናሙና ብዙም አይረባም። ሽንት እንዳይቀላቀልበት ተጠንቀቁ። አንዴ ኔጋቲቭ መሆኑም ጃርዲያ የለም ማለት አይደለም፣ ጃርዲያ በየቀኑ አይወጣም፣ በተለያየ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማስመርመር ያስፈልግ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት እነዚህን ተናገሩ

ወረፋ በዝቶ ባለሙያው ላይጠይቃችሁ ይችላል፣ እናንተ ግን ተናገሩ። ክብደታችሁን፣ የወባ መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰጠው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልሆን እችላለሁ ብለሽ ከጠረጠርሽ፣ ጡት የምታጠቢ ከሆነና ልጁ ስንት ወሩ እንደሆነ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሪፋምፒሲን ውስጡ ስላለ ኮአርተም የሚባለውን ዋናውን የወባ ኪኒን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፣ ያ ሰው ሌላ አማራጭ ነው የሚያስፈልገው። ከኤችአይቪ መድኃኒት ኢፋቪሬንዝም እንደዚሁ መጠኑን ይቀንሰዋል። የልብ ምት ችግር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ፣ በፊት የወባ መድኃኒት ወስዶ ሽንቱ የጠቆረበት ወይ ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ሰው ይሄንን ሳይናገር ኪኒን መያዝ የለበትም።

ሦስተኛ፦ ፋልሲፓረም ከሆነ

ኢትዮጵያ ውስጥ ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም አልሠራ ሲል በ1998 እ.ኤ.አ. በፋንሲዳር ተተካ፣ እሱም አልቆየም፣ ከ2004 ጀምሮ የመጀመሪያው ምርጫ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ነው፣ ሁላችንም ኮአርተም የምንለው። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ኪኒን ውስጥ የገቡት በምክንያት ነው። አርቴሜተር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ፓራሳይት ይጨርሳል ግን እሱ ራሱ ቶሎ ከደም ይወጣል፣ ሉሜፋንትሪን ደግሞ ቀስ ብሎ ገብቶ ለቀናት ይቆይና የተረፈውን ይለቅማል። ለዚህ ነው በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፍቶ ሰው ድኛለሁ ብሎ የሚያቆመው፣ ያን ጊዜ ግን የሠራው የመጀመሪያው ነው፣ የሚለቅመው ገና መጠኑ አልሞላም።

አወሳሰዱ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ ነው። ባለ 20/120 ሚሊግራሙ ኪኒን ከ5 እስከ 14 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 1፣ ከ15 እስከ 24 ኪሎ 2፣ ከ25 እስከ 34 ኪሎ 3፣ ከ35 ኪሎ በላይ ላለ ሁሉ 4 ነው። ስለዚህ አዋቂ ሰው በጠቅላላ 24 ኪኒን ይወስዳል። ከፋርማሲው ሳትወጡ ቁጠሩት፣ ማሸጊያው ላይ ፀሐይና ጨረቃ የተሳለበት ስለሆነ ማንበብ ለማይችል ሰውም ለማሳየት ይመቻል። ከ5 ኪሎ በታች ላለ ሕፃን የተዘጋጀ ኮአርተም በ2025 ስዊዘርላንድ ውስጥ ጸድቋል፣ እስኪዳረስ ድረስ ግን እንደዚህ ዓይነት ሕፃን ወደ ሆስፒታል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ሁለተኛው መጠን የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ማታ ስተኛ አይደለም፣ ነገ ጠዋትም አይደለም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከጀመራችሁ 11 ሰዓት ላይ ትደግማላችሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጀመራችሁ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚውለው፣ ስልካችሁን አላርም ሞልታችሁ ተነስታችሁ ውሰዱት። ከዛ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ነው፣ በ12 ሰዓት ልዩነት።

ቀጥሎ ምግቡ። ይሄ ነገር በየማሸጊያው ተጽፎ እያለ ሰው የሚያልፈው ነው። ሉሜፋንትሪን ስብ ካላገኘ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም፣ በባዶ ሆድ ሲወሰድና ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን እስከ 16 እጥፍ ይለያያል። በባዶ ሆድ በውኃ የዋጠ ሰው ሙሉ ኪኒን ወስዶ ትንሽ መድኃኒት ነው ያገኘው ማለት ነው። ደግነቱ ብዙ ስብ አይጠይቅም፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ ቅቤ ጣል ያለበት ገንፎ፣ ዘይት ያለው ሽሮ ይበቃል። ወባ ያለበት ሰው አፉ ምንም አይልም፣ ሞልቶ መብላት ካቃተው ሁለት ሦስት ጉንጭ ወተት ይጠጣና ወዲያው ይውሰድ። ወባው የሚበረታበት ወቅት ከኅዳር 15 የሚጀምረውን ጾመ ነቢያት ይነካዋል፣ ሕመምተኛ አይጾምም፣ ግን እሺ ያላለ ሰው ካለ አቮካዶ፣ ለውዝ፣ በዘይት የተሠራ ወጥ፣ ሰሊጥ ወይ ኑግ ይብላበት፣ ብቻ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ላይ ይሁን።

ከተዋጠ በኋላ 1 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳችሁ ያንኑ መጠን ሙሉውን ድገሙት፣ ከዛ የጎደለውን ኪኒን ለመተካት ወደ ሰጣችሁ ቦታ ተመለሱ፣ ምክንያቱም ማሸጊያው ውስጥ ትርፍ የለም። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ግን በኪኒን አይታከምም፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ለልጆች የሚሟሟ ኪኒን አለ፣ በትንሽ ንጹሕ ውኃ አሟሙታችሁ ስጡና ወዲያው ጡት ይጥባ ወይ ወተት ይጠጣ። ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የቀረውን በትንሽ ውኃ አለቅልቃችሁ ያንንም አጠጡት።

አሁን ወደ ተደበቀው። ፋልሲፓረም ውስጥ ጋሜቶሳይት የሚባል ደረጃ አለ፣ እናንተን አያሳምምም፣ የወባ ትንኝ ስትነድፋችሁ ይዛው ሄዳ ለልጆቻችሁ የምታደርሰው ግን እሱን ነው። ኮአርተም የበሰለውን ጋሜቶሳይት በደንብ አያጸዳም። ለዛ ነው ከኮአርተሙ ጋር በመጀመሪያው ቀን አንዴ ብቻ የሚወሰድ ፕሪማኪን የሚሰጠው፣ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ ለአዋቂ 15 ሚሊግራም አካባቢ። ይቺን አንድ ጊዜ የምትዋጥ ኪኒን የምትውጧት ታማሚዎቹ ናችሁ፣ የምትጠብቀው ግን ቤተሰባችሁን ነው። ለእርጉዝ፣ ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃንና እንደዛ ያለ ሕፃን ለምታጠባ እናት ግን አይሰጥም።

አራተኛ፦ ቫይቫክስ ከሆነ (እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ)

ቫይቫክስ ቀላሉ ወባ ነው ይባላል፣ እኔ ግን ሰውን በጣም የሚያንገላታው እሱ ይመስለኛል። ትንኟ ስትነድፍ የገባው ፓራሳይት ሁሉ ወዲያው ወደ ደም አይወጣም፣ የተወሰነው ጉበት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሳምንታት ሊተኛ ይችላል፣ ወራትም ይችላል፣ ከዛ ይነቃና ደም ውስጥ ይገባል፣ አዲስ ትንኝ ሳትነድፋችሁ እንደገና ወባ ያዛችሁ ማለት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ከቆላ ከተመለሰ በወራት ወባ የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ደም ውስጥ ላለው የሚሰጠው ክሎሮኪን ነው፣ ለሦስት ቀን። 150 ሚሊግራም ቤዝ በያዘው ኪኒን ለአዋቂ በመጀመሪያው ቀን 4፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 2 ነው። ከምግብ በኋላ ይወሰድ፣ አንዳንድ ሰው መላ ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ሽፍታ ሳይኖር የሚመጣ ማሳከክ ያስጨንቃል እንጂ ብዙ ጊዜ አደገኛ አይደለም። ትንፋሽ ማጠር ወይም የፊት ማበጥ ካለው ግን ወዲያው ሕክምና።

ክሎሮኪን ጉበት ውስጥ የተኛውን አይነካውም። ኮአርተምም አይነካውም። እሱን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው፣ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም በየቀኑ ለ14 ቀን። ለአዋቂ በቀን 15 ሚሊግራም፣ ኪኒኑ ባለ 7.5 ከሆነ 2፣ ባለ 15 ከሆነ 1። ሚክስድ ከተባላችሁም ኮአርተሙን ጨርሳችሁ ፕሪማኪኑ ለ14 ቀን ነው እንጂ የአንድ ቀኑ አይበቃም።

14 ቀን ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ስለሚጠፋ የቀሩት 11 ቀናት ጤነኛ ሆናችሁ የምትውጡት መድኃኒት ነው። እኔ የምመክረው፦ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወይ ካርቶኑ ላይ ከ1 እስከ 14 ቁጥር ጻፉና በወሰዳችሁ ቁጥር ሰርዙት፣ ሁልጊዜ ከአንድ ምግብ ጋር አያይዙት፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር፣ ምክንያቱም በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰው የሚያቆምበትም አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሥራ የምትሄዱ ከሆነ የዕለቱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ያዙ። አንድ ቀን ብትረሱ በማግስቱ ሁለት አትውሰዱ፣ አንዱን ውሰዱና አንድ ቀን በመጨረሻ ጨምሩ።

አደጋውም መታወቅ አለበት። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ሰዎች አሉ፣ እነሱ ፕሪማኪን ሲወስዱ ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል። ምርመራው ባለበት ቦታ ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ተመርመሩ። ምርመራው በሌለበት ቦታ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ሽንታችሁን እዩ፣ ኮካኮላ ወይ ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ በጣም ከደከማችሁና ከገረጣችሁ፣ ልባችሁ በኃይል ከመታ ኪኒኑን ወዲያው አቁማችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። ጂ6ፒዲ የሚጎድለው ሰውም መፍትሔ አለው፣ ፕሪማኪን በኪሎ 0.75 ሚሊግራም በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት፣ ግን በሐኪም ክትትል ብቻ።

እርጉዝ ሴት ፕሪማኪን አትወስድም፣ ስለዚህ አሁን ደም ውስጥ ያለውን ታክማ ከወለደች በኋላ፣ ልጁ 6 ወር ሲያልፈው የጉበቱን ትወስዳለች። ይሄንን መዝግቢው፣ ምክንያቱም ከወሊድ በኋላ ማንም አያስታውስሽም። ኮአርተምን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራትም እንዲሰጥ መክሯል፣ ፋልሲፓረም ለእናትም ለጽንስም በጣም አደገኛ ስለሆነ መድኃኒት ፈርቶ መቀመጥ ነው የሚያሰጋው።

ኪኒን የማይበቃባቸው ምልክቶች

ራስ መሳት ወይም መቃዠት፣ እንደሚጥል በሽታ መንዘፍዘፍ፣ የተዋጠው ሁሉ መመለስ፣ ልጅ ከሆነ መጥባት አለመቻል፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ወይ መቆም አለመቻል፣ ትንፋሽ መቁረጥ፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ የጠቆረ ሽንት፣ በጣም መገርጣት። ከነዚህ አንዱ ካለ ሆስፒታል ነው፣ በሌሊትም ቢሆን። እዛ የሚሰጠው በደም ሥር ወይም በጡንቻ የሚወጋ አርቴሱኔት ነው፣ መጀመሪያ ሲገባ፣ በ12 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓቱ፣ ከዛ በቀን አንዴ መዋጥ እስኪችል። መዋጥ ሲችል ደግሞ የሦስት ቀኑ ኮአርተም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉውን ይወሰዳል፣ መርፌው በቂ ነው ብሎ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከአርቴሱኔት በኋላ ባሉት ከ1 እስከ 4 ሳምንታት ውስጥ ደም ሊያንስ ስለሚችል ቀጠሮውን አትዝለሉ።

ወባ በኢትዮጵያ ያለፈ ነገር አይደለም፣ በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። ኤርትራ፣ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ላይ ደግሞ አርቴሚሲኒንን (አርቴሜተርና አርቴሱኔት የሚሠሩበትን ንጥረ ነገር) በከፊል የሚቋቋም ወባ ተረጋግጧል። ስለዚህ አርቴሜተርን ወይ አርቴሱኔትን ብቻውን ለሁለት ቀን ተወግቶ ማቆም፣ ወይ ደግሞ የአርቴሚሲያ ቅጠል አፍልቶ ሻይ እየጠጡ እታከማለሁ ማለት የቀረንን መድኃኒት ማበላሸት ነው። ሻዩ ውስጥ ያለው መጠን በየማፍያው ይለያያል፣ ፓራሳይቱን ሳይገድል ያስለምደዋል። ቅጠሉ የመድኃኒቱ ምንጭ መሆኑ እውነት ነው፣ ያንን ያገኙት ቻይናዊት ቱ ዩዩ በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል፣ ግን የተሸለሙት ከቅጠሉ ውስጥ ንጥረ ነገሩን ነጥለው ስላወጡ ነው።

አምስተኛ፦ አሜባና ጃርዲያ

እዚህ ሀገር ሆዱን የነፋው ሰው ሁሉ አሜባ አለብኝ ይላል። መስኮቱ ላይ መጥቶ ፍላጅል ስጠኝ፣ ወይ ደግሞ አራቷን ቲኒዳዞል ስጠኝ የሚል ሰው ስንቱ ነው፣ ስትጠይቁት ያልተመረመረ ነው። ለመታከም ሁለት ነገር ቀድሞ መታወቅ አለበት። አንደኛ ማይክሮስኮፕ ላይ ከአሜባ ጋር ቁርጥ አንድ የሚመስል ኢንታሜባ ዲስፓር የሚባል አለ፣ ምንም በሽታ አያመጣም፣ ስለዚህ ምንም ምልክት የሌለው ሰው ሲስት ታየብህ ስለተባለ ብቻ ሜትሮኒዳዞል ደጋግሞ መውሰድ የለበትም። ሁለተኛ ውጤቱ ላይ ትሮፎዞይት ነው ወይስ ሲስት የሚለውን ጠይቁ። ትሮፎዞይት የሚንቀሳቀሰው፣ አንጀት የሚበላው ነው፣ በተለይ ቀይ የደም ሴል ውጦ ከታየ የእውነት አሜባ ነው፣ ደምና ንፍጥ ያለው ተቅማጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ሲስቱ ደግሞ ሽፋን ያለው፣ የሚተኛው፣ በሰገራ ወጥቶ በውኃና ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሌላ ሰው የሚሄደው።

ለሚንቀሳቀሰው አሜባ ሜትሮኒዳዞል ለአዋቂ 500 ወይም 750 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ይታዘዛል፣ ካፕሱሉ 250 ሚሊግራም ከሆነ በአንድ ጊዜ 2 ወይ 3 ማለት ነው። ወይም ቲኒዳዞል 2 ግራም፣ ባለ 500 ከሆነ 4ቱን በአንዴ፣ በቀን አንዴ ለ3 ቀን። እንግዲህ አራቷን አንድ ቀን ውጦ ማቆም ለአሜባ ጎዶሎ ነው፣ የአንድ ቀኑ አወሳሰድ የጃርዲያ ነው፣ ሰዉ የሚያቀላቅለው እዚህ ላይ ነው። ለጃርዲያ ቲኒዳዞል 2 ግራም አንዴ ብቻ ይበቃል፣ ሜትሮኒዳዞል ከሆነ ደግሞ 250 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን። የልጆች በኪሎ ነው፣ የአዋቂውን ከፍላችሁ አትስጡ።

የአሜባ ሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ ይሄ ነው፦ ሜትሮኒዳዞልም ቲኒዳዞልም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ ስለሚገቡ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ የገባውን ይገድላሉ፣ አንጀት ውስጥ የቀረውን ሲስት ግን በበቂ አያጸዱም። እሱን የሚያጸዱት ፓሮሞማይሲን ወይም ዳይሎክሳናይድ ፉሮኤት ናቸው፣ ዳይሎክሳናይዱ ለአዋቂ 500 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ10 ቀን፣ ፓሮሞማይሲኑ በኪሎ ተሰልቶ ለ7 ቀን አካባቢ። ሁሉም ፋርማሲ ላይ አታገኙትም፣ ዳይሎክሳናይድ ከሜትሮኒዳዞል ጋር አንድ ላይ የተቀመመ ኪኒንም አለ፣ ጠይቁ። በተለይ የጉበት አሜባ ታክሞ የወጣ ሰው (በቀኝ ጎን ከጎድን ሥር የሚወጋ ሕመም ከትኩሳት ጋር የነበረው) ሁለተኛውን ሳይወስድ ከቀረ ሊመለስበት ይችላል።

አልኮል። ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ስትወስዱና ከመጨረሻዋ ኪኒን በኋላ 3 ቀን ቢራም፣ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም የለም። ፊት መቅላት፣ ልብ መምታት፣ ከባድ ትውከት ሊያመጣ ይችላል። የሳል ሽሮፕ ውስጥም አልኮል ሊኖር ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ። በዓል ላይ ከሆናችሁ ለጋባዣችሁ መድኃኒት ላይ ነኝ በሉ፣ ማንም አያስገድዳችሁም።

አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይኖራል፣ ሽንትም ወደ ቀይ ቡና ሊሄድ ይችላል፣ በሜትሮኒዳዞል ሲሆን ይሄ መድኃኒቱ ራሱ ነው፣ ከፕሪማኪኑ የጠቆረ ሽንት ጋር አታምታቱት። እጅና እግር መደንዘዝ ወይም መውጋት ከጀመረ ግን ቆም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ፣ ያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ረጅም በወሰዱ ሰዎች ላይ ነው፣ በየወሩ በራሳቸው የሚገዙትን የሚያሰጋውም እሱ ነው። ቲኒዳዞል የወሰደች አጥቢ እናት ለ3 ቀን ጡቷን አልባ ትድፋ፣ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ያለች ደግሞ ከሐኪም ውጪ አትውሰድ። በነገራችን ላይ በግብረ ሥጋ ለሚተላለፈው ትሪኮሞናስም የሚታዘዘው ይሄው ሜትሮኒዳዞል ነው፣ ያ ከሆነ ሁለቱም ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ መውሰድ አለባቸው።

ጃርዲያ ከልጁ አልወጣ ካለ መድኃኒቱን ከመቀየራችሁ በፊት ቤቱን እዩ። ሲስቱ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፣ በተለመደው የውኃ ክሎሪንም በቀላሉ አይሞትም፣ ማፍላት ግን ይገድለዋል። የታመመውን ልጅ አክማችሁ ምልክት ያለበትን ታላቁን ሳታስመረምሩ ከተዋችሁ እርስ በርስ ይቀባበሉታል።

ካላዛርን በአጭሩ

ሁመራና መተማ የሰሊጥና የማሽላ ሥራ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ከስቶ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ፣ የወባ መድኃኒት ደጋግማችሁ አትስጡት፣ ካላዛር ይሆናል። ይሄም ባለ አንድ ሴል ፓራሳይት ነው፣ የምትነድፈው ግን የአሸዋ ዝንብ ናት። ሕክምናው ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ ነው፣ ሶድየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አብረው በመርፌ ለ17 ቀን፣ አዎ ያው ለአሜባ ሲስት ያልነው ፓሮሞማይሲን፣ በአፍ ሲወሰድ ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ አንጀት ውስጥ ይሠራል፣ በመርፌ ሲሰጥ ደግሞ ስፕሊን (ጣፊያ) እና መቅኔ ድረስ ይደርሳል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሕክምናው ሌላ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ምርመራ አብሮ ይሠራል።

ከውጭ ለምትመጡ

አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል፣ ዓረብ ሀገር ለዓመታት የኖራችሁ፣ እዚህ ተወልጄ አድጌ ወባ አይጥለኝም አትበሉ፣ ሰውነት ያካበተው መከላከያ ከወባ ርቆ ሲኖር ይቀንሳል፣ እዛ የተወለዱት ልጆቻችሁ ደግሞ ጭራሹንም የላቸውም። አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ጉዞው የወባ መከላከያ አያስፈልግም፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ፣ ድሬዳዋ ካለበት ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አናግሩ። ማላሮን የሚባለው መከላከያ ኪኒን ከጉዞው 1 ወይ 2 ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰድና ከወባው ቦታ ከወጣችሁ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል፣ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ግን ከወጣችሁ በኋላ 4 ሳምንት። ሁለቱም ጉበት ውስጥ የሚተኛውን ቫይቫክስ አይከላከሉም። ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ በወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመትም ቢሆን ትኩሳት ከያዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ ኢትዮጵያ ሄጄ ነበር የሚል ይሁን። እዛ ያለ ሐኪም ወባ ቶሎ ላይመጣለት ይችላል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ቢመለስ

ኮአርተሙን በትክክል ወስዳችሁ በ3 ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ካልጠፋ ወይ በ28 ቀን ውስጥ ከተመለሰ ያንኑ መድኃኒት በራሳችሁ አትድገሙ። በኪት ሳይሆን በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ኪቱ የሚያነበው ፕሮቲን ወባው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ የዳነውንም ሰው ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ባዶውን ማሸጊያ፣ ያነሳችሁትን የምርመራ ፎቶና የሰረዛችሁበትን የ14 ቀን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መድኃኒቱ እምቢ ብሎ ነው፣ መጠኑ ሳይሞላ ቀርቶ ነው፣ የጉበቱ ነቅቶ ነው ወይስ አዲስ ትንኝ ነድፋችሁ ነው የሚለውን የሚለየው ከነዚህ ነው።